የባለቤቴ ዲግሪና የእኔ ወገብ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ነርሲንግ ሆም፣ ማለትም የአረጋውያን መጦሪያ፣ ሥራ የጀመርኩ ቀን አርባ ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ። ከምንኖርበት ከአሌክሳንድሪያ ስነሳ ቤልትዌዩ፣ ቀለበት መንገዱ፣ ይዘጋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልተዘጋም። አዲሱ ሰማያዊ ዩኒፎርሜ እንዳይጨማደድ ጀርባዬን ከወንበሩ አርቄ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅኩ።

ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ደሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሂሳብ አስተምሬአለሁ። ዲቪ ደርሶኝ ከባለቤቴ ከእታገኘሁ ጋር ስንመጣ መጀመሪያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተቀጥሬ ሠራሁ። ከዚያ የስድስት ሳምንት ኮርስ ወስጄ፣ ፈተናውን አልፌ ሲኤንኤ ሆንኩ። ሲኤንኤ የነርስ ረዳት ነው። ያጥባል፣ ያለብሳል፣ ያበላል፣ ያገላብጣል፣ ያነሳል፣ የሠራውን ይመዘግባል። መድኃኒት አይነካም።

የፎቁ ኃላፊ ነርስ ሚስ ግሬስ የምትባል ካሜሩናዊት ነበረች። ስሜን ጠየቀችኝና የዘጠኝ ሰዎች ስም ያለበት ወረቀት ሰጠችኝ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የክፍሉ ቁጥር፣ የሚበላው ምግብ፣ ከአልጋ በአንድ ሰው ይሁን በሁለት ሰው እንደሚነሳ ተጽፏል። “ሁለት” የሚለው በቀይ ነው። ሚስ ግሬስ ቀዩን በእስክሪብቶዋ ነካ አድርጋ፣ ይህን ብቻህን ያደረግህ ቀን ከሥራ ትወጣለህ አለችኝ። ሌላ ነገር አልነገረችኝም።

ያለማመዱኝ ወይዘሮ የሺ ናቸው። የደብረ ማርቆስ ሰው ናቸው፤ በዚያ ፎቅ አሥራ አራት ዓመት ሠርተዋል። መጀመሪያ የገባሁበት ክፍል ያሉት አሮጊት ወንድ አያጥበኝም ብለው አንሶላውን እስከ አገጫቸው ሳቡ። እኔ ደንግጬ መለማመጥ ጀመርኩ። ወይዘሮ የሺ በክርኔ ይዘው አወጡኝ። ፈርተው ነው፣ ሌላውን አጥበህ ተመለስ አሉኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ አሮጊቷ ጀርባዬን ብቻ አሉ። በሳምንቱ ፊታቸውንም አጠብኳቸው።

ሥራውን ወደድኩት። ይህን የምለው ብዙ ሰው ስለማያምነኝ ነው። ሰው ወገቡ ላይ ቀበቶ አስሬ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ “በሦስት” ብዬ ቆጥሬ ሳቆመው፣ ሳምንት ሙሉ ጣሪያ ሲያይ የከረመ ሰው መስኮቱን ያያል። ሰሌዳ ላይ ቀመር ጽፌ ክፍሉ ሲገባው የሚሰማኝ ስሜት ይሰማኝ ነበር።

ደሞዙን ግን አልወደድኩትም። እኔና ነርሷ አንድ ክፍል ገብተን፣ ለአንድ ሰው ሠርተን እንወጣለን፤ እሷ በሰዓት የምታገኘው የኔን እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። በዕረፍት ክፍላችን ያለው ወሬ አንድ ብቻ ነበር፤ የነርስነት ትምህርት። ግማሹ ሠራተኛ ሊገባ ነው፣ ግማሹ ገብቶ አቋርጧል። የሚከፈለውን ነገር አንዱ አምስት ሺህ ይላል፣ አንዱ ስልሳ ሺህ። አንድ የግል ትምህርት ቤት ያለ ፈተና ያስገባ ነበር፤ ዋጋው ግን ቤት ይገዛል። ሁሉም የሰማውን ይደግማል፤ ቁጭ ብሎ የሠራው የለም።

እኔ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ሂሳብ አስተማሪ ነኝ።

ያዋጣል ያልኩት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በሚባለው ርካሽ የመንግሥት ኮሌጅ የሚሰጠውን የሁለት ዓመት ዲግሪ ነው። እሱን ይዞ የፈቃድ ፈተናውን ያለፈ ሰው ነርስ ነው፤ የአራት ዓመት ከተማረው ጋር ያው ፈተና ነው የሚፈተነው። በፊት ግን የሚያልፉ ኮርሶች አሉ፤ የሰውነት ክፍሎች፣ ጀርሞች፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይኮሎጂ። በዓመት ሁለት ሁለት እያልኩ እነሱን መውሰድ ጀመርኩ።

እታገኘሁ የገባችው በመጽሐፉ ምክንያት ነው። እሷ አሌክሳንድሪያ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳ ነበር፤ በቀን አሥራ አራት ክፍል። ደሴ እያለች አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ሳይመጣላት ቀርቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርት አንስታ አታውቅም። የመጽሐፉን ዋጋ ስነግራት፣ ይህን ያህል ከፍለን አንድ ሰው ብቻ ሊያነበው ነው ወይ አለችና እሷም ተመዘገበች። የአጥንቶቹን ሥዕል በአውራ ጣቷ ስሙን ሸፍና ታጠናለች። መጀመሪያ እኔ ነበርኩ የማስረዳት። በሁለተኛው ኮርስ እሷ ታስረዳኝ ጀመር። ደስ አለኝ እላለሁ፤ ደግሞም ደስ ብሎኝ ነበር። ነርስ የምሆነው ግን እኔ እንደሆንኩ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ማለቴ፣ እኔ አውቅ ነበር።

ኮርሶቹን ጨርሰን የመግቢያ ፈተናውን በአንድ ቀን ወሰድን። ኮምፒውተሩ ውጤቱን ወዲያው ይሰጣል። እኔ ሰባ አንድ አመጣሁ፤ እሷ ሰማንያ አራት። ኮሌጁ ከላይ ወደ ታች እየቆጠረ ነው የሚወስደው። መኪና ውስጥ ስንገባ እኔ ድጋሚ እፈተናለሁ አልኳት። እሷ የደህንነት ቀበቶዋን አሰረች።

በዚያ ሳምንት ሂሳቡን እንደገና ሠራሁ። በዚህ ጊዜ ሁለት ዓምድ ነበረው፤ ታደሰ ቢማር፣ እታገኘሁ ብትማር። የሁለቱ ዓመት ክፍያ አሥራ ሁለት ሺህ ዶላር ግድም ነው። ከዚያ ዩኒፎርም፣ ጫማ፣ የልብ ማዳመጫ፣ ክትባት፣ ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ፣ የፈቃድ ፈተና። ይህ ሁሉ ለሁለታችንም እኩል ነው። የማይተካከለው ለትምህርቱ ሲባል የሚቀረው ደሞዝ ነው። የኔ ሰዓት አሥራ ሰባት ዶላር ደርሶ ነበር፤ ኦቨርታይም እንደ ልብ ነው። የሆቴሉ ሥራ ክረምት ላይ ይቀንሳል። ከሁሉም በላይ የቤተሰቡ የጤና ኢንሹራንስ በኔ ሥራ ነው። እኔ ሰዓት ብቀንስ እኔ፣ እሷና የስምንት ዓመቷ ልጃችን ሜሮን ያለ ኢንሹራንስ እንቀራለን።

ውጤቱ ላይ አልተጠራጠርኩም። ሁለት ጊዜ አመሳከርኩት። ከዚያ ወረቀቱን አጥፌ መኪናው ኪስ ውስጥ፣ ከኢንሹራንሱ ወረቀት ሥር ከተትኩት። አሥራ ሁለት ቀን እዚያ ነበር። ለእሷ፣ ገና እየሠራሁት ነው እላታለሁ።

ማመልከቻው የሚዘጋው አርብ ነበር። ረቡዕ ከሥራ ስገባ እራት አቅርባ፣ ሜሮንን ወደ ክፍሏ ልካ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

“ታደሰ፣ ሂሳቡን ጨርሰኸዋል። ምን ይላል?” አለችኝ።

“አንቺ ይላል።”

“አንተስ ምን ትላለህ?”

ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ቁልፍ ይዤ የመድኃኒቱን ጋሪ ስገፋ አስብ ነበር። ሚስ ግሬስ ከፎቁ ስትወጣ ቁልፉን ለኔ ስትሰጠኝ ሁሉ አስቤአለሁ።

“እኔም አንቺ እላለሁ” አልኳት።

ከልቤ እንዳልሆነ ከድምፄ ገብቷታል። ግን ሐሙስ አመለከተች፤ በወሩም ተቀበሏት።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ደህና አለፈ። እሷ ሆቴሉን ቅዳሜና እሁድ ብቻ አደረገች። እኔ በሳምንት ሁለት ቀን ደብል፣ ማለትም ሁለት ሺፍት በተከታታይ፣ አሥራ ስድስት ሰዓት እሠራ ጀመር። ከኮሮና ወዲህ ሰው ሳስቶ ስለነበር ሚስ ግሬስ ስትጠራኝ እምቢ አላልኩም። ሜሮንን ከትምህርት ቤት የምትቀበለን ጎረቤት ነበረች፤ እሷ የማትችልበት ቀን ሁለታችንም ከጠዋት ጀምሮ ስልካችንን እያየን እንውላለን።

በሁለተኛው ሴሚስተር የአዋቂ ሕሙማን እንክብካቤ የሚባለው ኮርስ መጣ። ማለፊያው ሰባ ስምንት ነው። እታገኘሁ ሰባ ሰባት ነጥብ አራት አመጣች።

እኔ አልገባኝም። ስድስት አሥረኛ ነው። አስተማሪ ሳለሁ ለስንት ልጅ ከዚህ የበለጠ ይቅር ብያለሁ። ሄደሽ ንገሪያቸው አልኳት። ሄዳ ነበር። መምህሯ ወንበር ሰጥተው፣ ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፣ ነጥብ አናጠጋጋም ብለው በደግነት መለሷት። ኮርሱን አንድ ጊዜ መድገም ይቻላል። ሁለተኛ ከወደቀች ከፕሮግራሙ ትወጣለች፤ የከፈልነውም፣ የጠፋውም ጊዜ በዚያው ይቀራል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው ጠፋ። እታገኘሁ ምግብ እያማሰለች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ታጠናለች። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ቀሪውን ወር በጣቴ እቆጥራለሁ። የሂሳብ ወረቀቴ ላይ ለመድገም የሚሆን መስመር አልነበረም። የዚያን ሴሚስተር ኪራይ በቁጠባችን ከፈልን፤ ቁጠባው አለቀ።

አሁን ስለ ሚስተር ዋልተር ልናገር። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነበር። ስትሮክ ግራ ጎኑን ይዞታል፤ ትልቅ ሰው ነው፤ ስሙ አጠገብ ያለው ቁጥር ቀይ ነው። የሚነሳው በማንሻ ማሽን ነው። ሸራ ከሥሩ ይነጠፋል፣ አንድ ሰው ማሽኑን ይይዛል፣ አንድ ሰው እግሩን ይመራል። ልጁ በየማክሰኞው ከባልቲሞር ትመጣለች፤ እሷ ስትመጣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማግኘት አለባት። አልጋ ላይ ካገኘችው ታለቅሳለች፣ እሱም ቀኑን ሙሉ አይበላም።

አንድ ማክሰኞ ሁለት ሠራተኛ ከሥራ ቀረ። ዘጠኝ የነበሩት ሰዎቼ አሥራ አራት ሆኑ። ለሚስተር ዋልተር ደወሉን ተጭኜ ጠበቅኩ፤ ኮሪደሩን አየሁ፤ ማንም የለም። ወይዘሮ የሺ ሌላ ክፍል ውስጥ ናቸው። ልጁ ከታች መጥታለች ሲባል በድምፅ ማጉያ ሰማሁ። ማሽኑን ተውኩት። ቀበቶውን አሰርኩለትና በሦስት ብዬ ብቻዬን አነሳሁት።

ቆመ። ግማሽ ዙር ከዞርን በኋላ ደህናው ጉልበቱ ከዳው። መላ ክብደቱ እላዬ ላይ መጣ። ልጥለው አልቻልኩም፤ ጠምዝዤ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት። እሱ ምንም አልሆነም። የኔ ወገብ ውስጥ ግን አንድ ነገር እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጨመቀ።

“አንተ ደህና ነህ?” ያለኝ እሱ ነው።

ደህና ነኝ አልኩት። ወይዘሮ የሺ ሲመጡ የአልጋውን መደገፊያ ብረት ይዤ ቆሜ ነበር። አዩኝ፤ ምን ሆንክ አሉኝ፤ ደከመኝ አልኳቸው። ሁለታችን በማሽኑ አንስተን ወንበሩ ላይ አስቀመጥነው። ልጁ ገብታ ሳመችው።

ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ በዚያው ቀን ማመልከት አለበት። ፎርሙ ከሚስ ግሬስ ጠረጴዛ ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ለሌሎች ስንት ጊዜ አውጥቼ ሰጥቻለሁ። እኔ አልሞላሁም። ደንቡን ጥሻለሁ። ከዚያም በላይ፣ ያመለከተ ሰው ቀላል ሥራ ላይ ይመደባል፤ ቀላል ሥራ ላይ ያለ ሰው ኦቨርታይም አያገኝም። በዚያ ወር ኪራያችንን የሚከፍለው ኦቨርታይሙ ነበር። ይህን ያሰላሁት ኮሪደሩ ላይ እየሄድኩ ነው፤ ሩብ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ስድስት ሳምንት ደበቅኩት። የሚያሞቅ ፕላስተር ገዝቼ መኪና ውስጥ እለጥፋለሁ፤ ቤት ከመግባቴ በፊት ልጬ እጥላለሁ፣ ሽታው እንዳያጋልጠኝ። ጫማዬን ቆሜ ማውለቅ ለመድኩ። በመንገዴ ያለው ድልድይ ላይ መኪና ሲቆም ግራ እግሬ ይደነዝዛል፤ የምነዳው በቀኝ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። የምፈራው ህመሙን አልነበረም፤ አንድ ቀን ሰው ይዤ እንዳልጥል ነበር።

እታገኘሁ ደግሞ በምትደግመው ኮርስ ውስጥ የተግባር ፈተና መጣባት። ሰውን ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር መርምራ ማሳየት አለባት። የምትለማመድበት ሰው ያስፈልጋት ነበር። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ሜሮን ጓደኛዋ ቤት ሄዳ ሳለ፣ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተኛልኝ አለችኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ።

ዓይኔን በባትሪ አየች። ልቤን አዳመጠች። ጣቴን ግፋ አለች፤ ገፋሁ። የምትለውን በእንግሊዝኛ ጮክ ብላ እያለች፣ የረሳችውን ከወረቀቷ እያየች ትቀጥላለች። ከዚያ ጉልበትህን ሳታጥፍ ቀኝ እግርህን አንሳ አለች፤ አነሳሁ። ግራህን አለች። ከምንጣፉ አንድ ስንዝር ከፍ አደረግኩትና ቆመ። ለማሳቅ ሞከርኩ፤ አርጅቻለሁ አልኳት።

ዓይንህን ጨፍን አለች፣ በአማርኛ። ጥጥ ይዛ እግሬን ስትነካ የት እንደነካችኝ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ቀኝ እግሬን ስትነካ አንድ በአንድ ነገርኳት። ከዚያ የጥጡ መነካካት ቆመ።

“ቀጥይ እንጂ፣ ለምን አትነኪኝም?” አልኳት።

“እየነካሁህ ነው” አለች።

ዓይኔን ስገልጥ ጥጡ የግራ እግሬ ትንሿ ጣት ላይ ነበር።

መቼ ነው አለችኝ። ድካም ነው አልኩ። ወረቀቷን አስቀምጣ፣ ይህ ያጠናሁት ነው፣ ገጹን ላሳይህ ወይ አለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሚስተር ዋልተርን፣ ፎርሙን፣ ፕላስተሩን። ላንቺ ብዬ ነው ልላት ስል እጇን አነሳች።

“ለኔ ብለህ ነው እንዳትለኝ። ሳትነግረኝ የከፈልከውን እኔ ላይ አትጻፍ።”

ነገ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ሆቴሉን በሙሉ ጊዜ እይዛለሁ አለች። የምትቀልድ አልነበረችም። ለኮሌጁ የሚላከውን ደብዳቤ ኮምፒውተሩ ላይ ጀመረችው። እኔ ከምንጣፉ ለመነሳት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ በሦስተኛው መጥታ ደገፈችኝ። እንዴት እንደሚደገፍ አሳምራ ታውቃለች። ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ብዙ ተነጋገርን። በመጨረሻ ያመጣችው ስምምነት ይህ ነው። እኔ ነገ ጠዋት ካመለከትኩ እሷ አትወጣም። እኔ ከደበቅኩ ደብዳቤውን ትልካለች። ገንዘቡንስ አልኳት። ገንዘቡን ሁለታችን እንፈራዋለን፣ አንተ ብቻህን አትፈራውም አለች።

ሰኞ ለሚስ ግሬስ ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ይዛኝ ወደ ነርሶች ዳይሬክተር ቢሮ ወጣች። ዳይሬክተሯ ለምን ስድስት ሳምንት እንደቆየሁ ጠየቀችኝ። እውነቱን ነገርኳት፤ ብቻዬን እንዳነሳሁት፣ ኦቨርታይሙን እንደፈለግኩት። ማስጠንቀቂያ ጻፈችልኝ፤ ፈረምኩ። ሥራዬን ግን አላጣሁም። የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ የሚከፍለው ኢንሹራንስ ዘግይተሃል ብሎ ጥያቄዬን ውድቅ አደረገው። ወይዘሮ የሺ ሳይጠየቁ በዚያ ማክሰኞ ያዩትን ጽፈው ሰጡልኝ፤ የአማርኛ የእጅ ጽሕፈታቸውን እታገኘሁ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ከሁለት ወር በኋላ ፊዚዮቴራፒውን ብቻ እንከፍላለን አሉ። የቀረብኝን ደሞዝ አልከፈሉም።

ቀላል ሥራ ላይ ተመደብኩ። ምግብ አበላለሁ፣ ውኃ አድላለሁ፣ በር ላይ እቀመጣለሁ። ገቢያችን በሲሶ ቀነሰ። የአሌክሳንድሪያውን አፓርታማ ለቀን አናንዴል፣ ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው ሰዎች ቤት ምድር ቤት ገባን። ሜሮን በዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ቤት ቀየረች። እኔን በእንግሊዝኛ “ዋይ?”፣ ለምን፣ ብላ ጠየቀችኝ፤ በአማርኛ ስመልስላት ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ብዙ ሳምንት ምሳዋን ሳትበላ ትመልስ ነበር። ይህም ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

እታገኘሁ ኮርሱን በሰማንያ ሁለት አለፈች። ውጤቱ ከመውጣቱ በፊት በነበረው ሳምንት ሁለታችንም እንቅልፍ አልነበረንም፤ አንዳችን ሌላውን እንዳንቀሰቅስ እንጠነቀቃለን እንጂ ሁለታችንም ነቅተን ነበር። የቀሩትን ሁለት ሴሚስተሮች ያለ መውደቅ ጨረሰች። ምረቃው ላይ ወይዘሮ የሺ ከኔ አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

የፈቃድ ፈተናው ደግሞ የራሱ ጭንቀት አለው። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ሰው በተለያየ ቁጥር ላይ ያቆመዋል፤ ሲያቆምህ በማለፍ ይሁን በመውደቅ አይነግርህም። እኔ ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቅኳት። ካሰብኩት ቀድማ ወጣች። በሰማንያ አምስተኛው ጥያቄ ኮምፒውተሩ ጠፋብኝ አለች። ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብዬ ስጠይቅ ሁለቱንም ይላሉ አለች። ሁለት ቀን መጠበቅ አለ። በሁለተኛው ቀን ምድር ቤቱ ልብስ ማጠቢያ ጋ አንሶላ ስታጥፍ ስልኳን አየች። ለኔ ሰጠችኝ፤ አልፈሻል ይላል። እሷ የጀመረችውን አንሶላ አጥፋ ጨረሰች። ከዚያ ማጠቢያው ማሽን ላይ ተደግፋ አለቀሰች።

ሥራ ወዲያው አልተገኘም። አራት ሆስፒታል የአራት ዓመት ዲግሪ ያለው እንመርጣለን አላት። አምስተኛው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ቀሪውን ትማሪያለሽ ብሎ አስፈርሞ ወሰዳት። በሰዓት ሠላሳ ሰባት ዶላር ጀመረች። የኔ አሥራ ስምንት ከሃምሳ ሆኖ ነበር። የመጀመሪያ ደሞዟ የገባ ቀን ሁለታችንም ስልኩ ላይ ያለውን ቁጥር አየን። እኔ ደስ ብሎኛል፤ ደግሞ አንድ ነገር ቆረጠኝ። ይህን ለእሷም ነግሬአታለሁ።

በዓመቱ አሮጌውን ወረቀት አውጥቼ በእውነተኛው ቁጥር ሠራሁት። ክፍያው ያው አሥራ ሁለት ሺህ ነበር፤ የተደገመው ኮርስ ትንሽ ጨመረበት። ጠቅላላው ግን ከሠላሳ አምስት ሺህ አለፈ። ልዩነቱ በሙሉ የጠፋ ሰዓት ነው፤ የእሷና የኔ። ያም ሆኖ በሁለተኛው የሥራ ዓመቷ ተመለሰ።

እታገኘሁ አሁን የአንተ ተራ ነው አለችኝ። አንድ ሳምንት አሰብኩበት። እምቢ አልኩ። ሃምሳ ዓመቴ ደርሶ ነበር፤ ወገቤም አሥራ ሁለት ሰዓት አያቆመኝም። እሷ አልወደደችውም፤ እስከ ዛሬ አንዳንዴ ታነሳዋለች። ከባድ ሰው ማንሳት አልችልም። ሚስ ግሬስ ለዳይሬክተሯ ነግራልኝ አዳዲስ ረዳቶችን የማሠልጠን ሥራ ሰጡኝ። ቀበቶና ማሽን አያያዝ አስተምራለሁ። ሰሌዳ አለኝ።

ወጣቶቹ ጋሽ ታደሰ ይሉኛል። ሂሳብ አዋቂ መሆኔን ስለሰሙ ስልካቸው ላይ ቁጥር እያሳዩ፣ ትምህርቱ ያዋጣል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ባለፈው ወር ቤዛ የምትባል አዲስ ረዳት መጣች። ክፍያውን፣ መጽሐፉን፣ ነዳጁን ሁሉ በደንብ ሠርታዋለች። የሦስት ዓመት ልጅሽን ማን ይይዛል አልኳት። እናቴ አለች። እሳቸው የሚሠሩት ሥራስ አልኳት። ይተዋሉ አለች። ጠይቀሻቸዋል ስላት፣ እሺ ነው የሚሉት፣ እሳቸው ለኔ እምቢ አያውቁም አለች። ስልኩን መለስኩላትና፣ ዛሬ ስትገቢ አጠገባቸው ተቀምጠሽ እንደገና ሥሪው፣ የእሳቸውን ደሞዝና ጉልበታቸውን ጨምሪበት አልኳት። ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው በዚያው ቀን ይናገር የሚለውን ደግሞ ለሁሉም የምነግረው የመጀመሪያው ትምህርት ላይ ነው።

የሁለት ዓመቱ ዲግሪ ያዋጣል፤ እኛን አዋጥቶናል። ከክፍያው የሚበልጠውን ወጪ ግን የሚከፍለው የማይማረው ሰው ነው። ሂሳቡን ከእሱ ጋር ሥሩ።